ገበያ የሚያስፈራው ልብ

ድንገተኛ የጭንቀት ጥቃትን በእንቅስቃሴና በአመጋገብ ስለ መቆጣጠር



ሐሙስና ዓርብ በኔታንያ ገበያ መካከል ማለፍ ምን እንደሆነ የከተማችን ሰው ያውቀዋል። ለሰንበት የሚሸምተው ሕዝብ ትከሻ ለትከሻ ይጋፋል፣ ሻጩ የቲማቲሙንና የሐብሐቡን ዋጋ በጩኸት ያሰማል፣ የሚጎተተው ዘንቢል ጎማ የሰው እግር ይረግጣል። ከወገኖቻችን መካከል ግን ወደ ገበያ መውጣት ከተዉ ወራት፣ እንዲያውም ዓመታት ያለፏቸው አሉ። ገንዘብ አጥተው አይደለም፤ ጉልበታቸውም አልደከመም። «ልጄ፣ አንቺው ገዝተሽልኝ ነይ» ይላሉ፤ ምክንያቱን ሲጠየቁም «ትንሽ አሞኝ ነው» ብለው ያልፉታል። በዚህ ጽሑፍ ስለ እነዚህ ወገኖቻችን ሕመም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በእግራቸውና በማዕዳቸው ራሳቸውን እንዴት መርዳት እንደሚችሉ እናወሳለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕመሙ ምን ይመስላል?

ለምሳሌ አንዲት እናት በዓሣ ሻጩ ዘንድ ወረፋ ይዛ ቆማለች እንበል። በድንገት ልቧ ይደልቃል፣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ደረቷ ይጨመደዳል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል። ጣቶቿና ከንፈሯ ይደነዝዛሉ፤ ላብ ያጠምቃታል፤ ምድር የዞረባት ይመስላታል። «መሞቴ ነው» ወይም «ላብድ ነው» ብላ ዘንቢሏን ጥላ ትወጣለች። ወደ ሚዮን፣ ማለትም ወደ ድንገተኛ ሕክምና ክፍል ይወስዷታል። በዚያም ልቧ ይመረመርና ደህና ነው ትባላለች። በዕብራይስጥ በሚሰጣት ወረቀት ላይ «ሔትኬፍ ሐራዳ» ተብሎ ይጻፋል፤ ድንገተኛ የጭንቀት ጥቃት ማለት ነው።

ብዙዎች ይህን ሲሰሙ «ምንም የለብሽም፣ ታስመስያለሽ» የተባሉ ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። የፈጣሪ ሥራ የሆነው ሰውነታችን የማንቂያ ደወል አለው። ጫካ ውስጥ ጅብ ቢገጥመን አድሬናሊን የተባለው ንጥረ ነገር በደማችን ይረጫል፤ ልብ ቶሎ ቶሎ እየመታ ደሙን ወደ እግርና ወደ ክንድ ይልካል፤ ሳንባም በፍጥነት ይተነፍሳል። ይህ እንድንሮጥ ወይም እንድንታገል የተሰጠን ኃይል ነው። በጭንቀት ጥቃት ጊዜ ደወሉ የሚጮኸው ጅቡ ሳይኖር ነው። ደወሉ አልተሰበረም፤ ያለ ጊዜው ነው የተደወለው። ከመጠን በላይ ስንተነፍስ ደግሞ በደማችን ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንስና ጣት ይደነዝዛል፣ ራስ ይዞራል። ታማሚው በዚህ ይበልጥ ይደነግጣል፤ ድንጋጤው ትንፋሹን ያፈጥናል፤ በእሳት ላይ ጭድ እንደ መጨመር ይሆናል። ቢሆንም ጥቃቱ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጣራ ይነካና ቀስ እያለ ይወርዳል።

ከጥቃቱ የሚብሰው ሽሽቱ ነው

ጥቃቱ ራሱ ያልፋል። ኑሮን የሚያጠበው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ፍርሃት ነው። ያቺ እናት «ገበያው ነው ያመመኝ» ትልና ገበያ መሄድ ትተዋለች። ቀጥሎ አውቶቡስ ይቀራል። ከዚያም ሠርግ ይቀራል፣ ለቅሶም ይቀራል። በሸሸች ቁጥር ለጊዜው እፎይ ትላለች፤ ሰውነቷም «የዳንኩት ስለ ሸሸሁ ነው» ብሎ ይማራል። ፍርሃቱ የሚሰባው በዚህ ነው።

በእኛ ብቻ የመጣ ነገር እንዳይመስለን። ካርል ቬስትፋል የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በ1871 አደባባይ ማቋረጥ ስለሚፈሩ ታማሚዎች ሲጽፍ ሕመሙን «አጎራፎብያ» ብሎ ሰየመው። «አጎራ» በግሪክኛ የገበያ አደባባይ ነው፤ «ፎቦስ» ደግሞ ፍርሃት። እንግዲህ ገበያን መፍራት ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት በፊትም በሐኪም መዝገብ ላይ ስም ነበረው።

በእኛ ዘንድ ግን ደወሉን የሚያስደነግጡ ነገሮች ተደራርበዋል። በሱዳን በኩል በእግር የመጡት ቤተሰቦች በመንገድና በስደተኛ ካምፕ የቀበሯቸው ወገኖች 4,000 ያህል ይሆናሉ ተብሎ ይነገራል። በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰዎች ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ከአንድ ዓለም ወደ ሌላ ዓለም ተሻግረዋል። የኔታንያ ገበያም የራሱ ቁስል አለው፤ በግንቦት 19 ቀን 2002 የወታደር ልብስ የለበሰ አጥፍቶ ጠፊ በውስጡ ፈንድቶ 3 ሰዎች ተገድለዋል። ከጥቅምት 7 ቀን 2023 ወዲህ የመጣው ጦርነትና የሳይረኑ ድምፅም የብዙ ሰው እንቅልፍ ነስቷል። ሆኖም እንዲህ ያለ ታሪክ የሌለው፣ እዚሁ የተወለደ ወጣትም በዚህ ሕመም ይያዛል። ሕመሙ የድክመት ምልክት አይደለም፤ የሚታፈርበትም አይደለም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን።

አስቀድሞ ሐኪም ዘንድ

ማንም ሰው ራሱን «ጭንቀት ነው» ብሎ አይፍረድ። ደረት ላይ ተጭኖ የማይለቅ ሕመም፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚዘልቅ ውጋት፣ ራስን መሳት፣ የፊት መጣመም ወይም የአንድ ወገን አካል መስነፍ ቢኖር ሳይዘገዩ በ101 ማጌን ዳቪድ አዶምን መጥራት ይገባል። ጥቃቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የደረሰበት ሰውም መመርመር አለበት። የታይሮይድ ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራ፣ ደም ሲያንስ፣ የልብ ምት ሲዛባ ወይም ስኳር ሲወርድ ተመሳሳይ ምልክት ይታያልና። ሮፌ ሚሽፓሓው፣ ማለትም የቤተሰብ ሐኪሙ፣ በደም ምርመራና በልብ ምርመራ ሊለየው ይችላል።

እዚህ ላይ የቋንቋ ነገር አለ። እኛ ሐዘናችንንም ድንጋጤያችንንም የምናስቀምጠው በሆድና በልብ ነው። «ሆድ ባሰኝ»፣ «ልቤ ተሸበረ» እንላለን። ይህ ቃል በቃል ወደ ዕብራይስጥ ሲገባ ሐኪሙ የሚሰማው የሆድ ወይም የልብ በሽታ ነው። የሚሻለው የሆነውን ነገር በቅደም ተከተል መናገር ነው፤ የት ነበርኩ? ምን ተሰማኝ? ስንት ደቂቃ ቆየ? ከዚያ ወዲህ ምን ማድረግ ተውኩ? በቀን ስንት ስኒ ቡና እጠጣለሁ? የሚቻል ከሆነ አስተርጓሚው ልጅ ባይሆን ይመረጣል። እናት በልጇ ፊት የልቧን አትናገርም፤ ልጅም የእናቱን ጭንቀት ተሸክሞ ይወጣል። አማርኛ የሚናገር ሠራተኛ እንዳለ ክሊኒኩን መጠየቅ ነውር የለውም።

እግር የሚፈታው ነገር

በገጠር ሳለን ስፖርት የሚባል ነገር አልነበረንም፤ አኗኗራችን ራሱ ስፖርት ነበር። ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ ሰዓታት ተጉዞ ገበያ መድረስ የየዕለቱ ሥራ ነበር። እዚህ ግን ሊፍት ያወጣናል፣ አውቶቡስ ያደርሰናል፣ ቴሌቪዥን ያስቀምጠናል።

በ1998 ከጀርመን የጌቲንገን ከተማ የወጣ አንድ ጥናት 46 የድንገተኛ ጭንቀት ታማሚዎችን በሦስት ከፍሎ ለ10 ሳምንት ተከታተለ። አንደኛው ወገን ሮጠ፤ ሁለተኛው ክሎሚፕራሚን የተባለ መድኃኒት ወሰደ፤ ሦስተኛው መድኃኒትነት የሌለው ክኒን ዋጠ። የሮጡት ባዶ ክኒን ከዋጡት በግልጽ ተሻላቸው። መድኃኒቱን የወሰዱት ደግሞ ከሮጡትም ቀድመውና በይበልጥ ተሻላቸው። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። እንቅስቃሴ እውነተኛ እርዳታ ነው፤ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ግን አይተካም።

የሚረዳው ለምንድን ነው? ፈጠን ብለን ስንራመድ ልባችን ይመታል፣ ላብ ያወጣናል፣ ትንፋሻችን ይፈጥናል። እነዚህ በጥቃቱ ጊዜ የሚያስፈሩን ምልክቶች ራሳቸው ናቸው። በየቀኑ ተሰምተውን በሰላም ሲበርዱ ሰውነታችን «የልብ መምታት ሞት አይደለም» የሚለውን ትምህርት ይቀስማል። ይህን በቃል ብንነግረው አይሰማም፤ በእግር ስንነግረው ግን ይገባዋል። በተጨማሪም የተንቀሳቀሰ ሰው የተሻለ ይተኛል፤ በቂ እንቅልፍ ያገኘ ሰውም ቶሎ አይደነግጥም።

የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው፤ በቀን 30 ደቂቃ ለ5 ቀን ማለት ነው። ከ10 ደቂቃ መጀመር ይቻላል። ልኩም ቀላል ነው፤ እየሄዱ ማውራት ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃተዎት ልክ ነው። የልብ ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። ሽቅብ ሲወጡ ደረት የሚያም፣ ሲቆሙ የሚተው ከሆነም ሳይውል ሳያድር ለሐኪም ይነገር።

ቦታ ፍለጋ ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም። ከባሕሩ በላይ ባለው ታየሌት መራመድ በነጻ ነው። በዶራ ያለው የክረምት ኩሬ ዙሪያም ለመንሸራሸር ይመቻል። በበጋ በማለዳ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይውጡ፤ ውኃ ይያዙ። መውጣት ያልቻለ ሰው ደግሞ በሳሎኑ ሙዚቃ ከፍቶ 10 ደቂቃ እስክስታ ይምታ፤ ልብን የሚያሠራ፣ ትከሻን የሚያፍታታ ስፖርት ከቤታችን አለን። ረጅም መንገድ መሄድ የሱዳኑን ጉዞ የሚያስታውሳቸው ሽማግሌዎች ካሉ ብቻቸውን አይሂዱ፤ በቀን ብርሃን፣ ከሚወዱት ሰው ጋር፣ እየተጨዋወቱ ይሂዱ።

ወደ ገበያው በደረጃ መመለስ

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት ለዚህ ሕመም የተነገረ ይመስላል። የሸሹትን ቦታ በአንድ ቀን መድፈር አያስፈልግም። በመጀመሪያው ሳምንት ሰው በማይበዛበት ቀን፣ በጠዋት፣ ከልጅ ወይም ከጎረቤት ጋር እስከ ገበያው ጫፍ ደርሶ ጥቂት ቆሞ መመለስ ይበቃል። በሁለተኛው ሳምንት ገባ ብሎ ከመጀመሪያው ሻጭ ሽንኩርት መግዛት። በሦስተኛው እስከ መካከል መዝለቅ። ቀጥሎ ጎረቤቷ በመግቢያው ላይ ትጠብቅ፣ ታማሚዋ ብቻዋን ትግባ። ሐሙስና ዓርብ የመጨረሻው ደረጃ ይሁኑ።

ዋናው ምሥጢር አንድ ነው፤ ፍርሃቱ ጣራ በነካበት ሰዓት አለመሮጥ። ግድግዳ ተደግፎ፣ ካስፈለገም ተቀምጦ፣ እስኪበርድ መጠበቅና ከዚያ መመለስ ነው። ያን ጊዜ ሰውነት አዲስ ትምህርት ይዞ ይመለሳል። አንድ ደረጃ ቢከብድ ወደ ቀድሞው መመለስ ሽንፈት አይደለም። ይህ ምክር ግን ለእውነተኛ አደጋ አይሠራም፤ ሳይረን ሲጮኽ ወደ ማማድ ወይም ወደ ሚክላት መግባት ሽሽት ሳይሆን ግዴታ ነው።

ቡናችንና ማዕዳችን

እውነቱን እንናገር፤ የጭንቀት ጥቃትን የሚፈውስ ምግብ የለም። ደወሉን በከንቱ የሚያስደውሉ ምግብና መጠጦች ግን አሉ።

የመጀመሪያው ቡና ነው። ይህን መጻፍ ለእኛም አይቀልለንም። ነገር ግን የብዙ ጥናቶች ማጠቃለያ እንደሚያሳየው፣ በዚህ ሕመም የተያዙ ሰዎች 5 ስኒ ያህል የተለመደ ቡና ውስጥ የሚገኘውን ካፌይን በአንድ ጊዜ ሲወስዱ ግማሾቹ ያህል ጥቃቱ ይነሣባቸዋል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥተን፣ ከሰዓት በኋላ ጎረቤት ሄደን ደግመን ከጠጣን እዚያው አካባቢ ልንደርስ እንችላለን። ካፌይን ቶሎ አይወጣም፤ ከ5 ሰዓት ያህል በኋላም ግማሹ በሰውነት ውስጥ አለ። ስለዚህ የማታ ቡና እንቅልፍ ይነሳል፣ የተነሣው እንቅልፍም የነገውን ጭንቀት ይጠራል።

በአንድ ቀን መተው ግን ራስ ምታት ያመጣል። በየሦስት አራት ቀኑ አንድ ስኒ መቀነስ ይሻላል። በጠዋት አቦልን ብቻ መጠጣት፣ ከዚያ በኋላ የገብስ ቡና ወይም ቀጠን ያለ ሻይ ማቅረብ ይቻላል። ቡናው ይቀንስ እንጂ «ቡና ጠጡ» መባባሉ አይቅር! ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ የልብ የሚወራበት ሰዓት እሱ ራሱ መድኃኒት ነው። ጫትና ልጆቻችን በየኪዮስኩ የሚገዙት የኃይል መጠጥም ልብን የሚያስመቱ ናቸው፤ ጭንቀት ላለበት ሰው አይበጁም።

ሁለተኛው ባዶ ሆድ ነው። ቁርስ ሳይበላ በቡና ብቻ ገበያ የሚወጣ ሰው ስኳሩ ሲወርድ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ልቡ ይመታል፤ ይህም ጥቃቱን ይመስላል። ከኢትዮጵያ ስንመጣ የስኳር በሽታ በመካከላችን እምብዛም አልነበረም፤ እዚህ ግን ከዓመት ወደ ዓመት በዝቷል። ኢንሱሊን ወይም የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው ሲንቀጠቀጥ አስቀድሞ ስኳሩን ይለካ፤ ወርዶ ከሆነ ጭንቀት ነው ብሎ አይቀመጥ።

ለዚህ የሚበጀውን ከሩቅ አንፈልግ። የጤፍ እንጀራ በምስር ወጥ፣ በሽሮ ወይም በክክ፣ ከጎመን ጋር ቀስ ብሎ የሚፈጭ፣ ለረጅም ሰዓት የሚያቆይ ምግብ ነው። ከነጭ ዳቦና ስኳር ከበዛበት ሻይ እጅግ ይሻላል። ምስሩም፣ ጎመኑም፣ ሽንኩርቱም በገበያው ይገኛሉ። በቀን ሦስት ጊዜ በሰዓቱ መብላትና በቂ ውኃ መጠጣት ቀላል ቢመስልም ትልቅ ነገር ነው። ለዮም ኪፑርና ለስግድ ጾም የሚዘጋጅ ሰው ቡናውን ከጥቂት ቀን አስቀድሞ ይቀንስ፤ መድኃኒት የሚወስድ ደግሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ሦስተኛው አልኮል ነው። አረቄም ሆነ ቢራ ለአንድ ሰዓት ያረጋጋል፤ ከሰውነት ሲወጣ ግን ጭንቀቱን አብሶ ይመልሰዋል። ለፍርሃት ብሎ መጠጣት ዕዳን በብድር እንደ መክፈል ነው።

ጥቃቱ ሲመጣ

ታማሚው ለራሱ «ይህን አውቀዋለሁ፤ ያልፋል» ይበል። በአፍንጫው 4 እስኪቆጥር ይሳብ፣ 6 እስኪቆጥር ቀስ አድርጎ ያውጣ። በፌስታል ወይም በወረቀት ከረጢት ውስጥ መተንፈስ ግን አደገኛ ሊሆን ስለሚችል አይደረግ። እግሩ መሬት መርገጡን ይስማ፤ በፊቱ የሚያያቸውን ነገሮች በስማቸው ይጥራ፤ ብርቱካን፣ ሚዛን፣ ቀይ መጋረጃ።

ቤተሰብም «አትፍሪ!» ብሎ አይቆጣ፤ ፈርታ ሳለ አትፍሪ ማለት አያድንም። «አይዞሽ፣ አብሬሽ ነኝ፣ ጥቂት እንቁም» ማለት ይበቃል። ከዚያ በኋላ ግን «ዳግመኛ ከቤት እንዳትወጪ» ማለት ፍቅር ቢመስልም በሯን እንደ መዝጋት ነው።

ይህ ሁሉ ካልበቃስ?

በሳምንታት ውስጥ ለውጥ ካልታየ፣ ወይም ኑሮ ከጠበበ፣ ሌላ ሕክምና አለ። ፍርሃትን በደረጃ መጋፈጥን የሚያስተምር የንግግር ሕክምና በዓለም ዙሪያ የተመሰከረለት ነው፤ መድኃኒትም አለ። ከሐምሌ 2015 ወዲህ የአእምሮ ጤና ሕክምና በኩፓት ሆሊም ኃላፊነት ሥር ስለሆነ የቤተሰብ ሐኪሙን ጠይቆ መላክ ይቻላል። የታዘዘ ክኒን በድንገት አይቋረጥ፤ የጎረቤት ማረጋጊያ ክኒንም አይዋጥ፤ አንዳንዱ ሱስ ያስይዛልና። ልቡ የከበደው፣ በተለይም በሕይወቱ ላይ ክፉ ሐሳብ የመጣበት ሰው ሌሊትም ቢሆን በ1201 ኤራን የተባለውን የስልክ እርዳታ ይደውል።

በመጨረሻም ለጤነኞቹ አንድ አደራ አለን። በየሕንፃችን ከቤት መውጣት የተወች አንዲት እናት፣ ከሰው የራቀ አንድ አባት አይጠፉም። በዚህ ሳምንት በራቸውን እናንኳኳ። ምክር ይዘን አንሂድ፤ «እማማ፣ ለ10 ደቂቃ አብረን ዞር ዞር እንበል» ብለን እንጠይቅ። ዛሬ እምቢ ቢሉ ነገ ደግመን እንጠይቅ።

ጤና ይስጥልን!